የእናቴ የማህፀን ኦፕራሲዮን፦ ምክሩን በስልክ እንቀበል ወይስ በአካል እንሂድ?

የኮዬዋ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። እናቴ 60ዎቹ ውስጥ ናት። ማህፀኗ መውረድ ከጀመረ ቆይቷል፤ ለእኛ የነገረችን ግን በቅርቡ ነው። ጤና ጣቢያ ሪፈር ጻፉላት፣ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ታየች፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተባለ። ማህፀኗ ይወገዳል፣ የላላው ደግሞ ይሰፋል። ከቀጠሮው በፊት የማዘጋጃ ምክር አለ። ሲስተሯ "ከተመቻችሁ ኑ፣ ካልሆነ በስልክ እናደርገዋለን" አለችን።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የታክሲው ሰልፍ አለ፣ መሀል ላይ መቀየርም አለ። እናቴ ብዙ ስትቆም ይወርድባታል፤ ሽንትም ያመልጣታል። ስለዚህ ስልኩ ቀለለኝ። ወንድሜ ደግሞ "እኔ አናግራቸዋለሁ፣ እሷን ለምን እናስጨንቃለን" ይላል። ታላቅ እህቴ የባሰውን አመጣች። ማህፀኗ እንደሚወገድ ለእናታችን እንዳይነገራት ትላለች። "ከሰማች እግሯን አታነሣም፤ ጠግነው ይመልሱታል በሏት" ነው የምትለው።

እናንተ እንዴት አደረጋችሁ? በስልክ ነው በአካል?

ጀሞ ሦስት

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። በአካል ውሰጃት። ባለቤቴ እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን ስትሠራ ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳያት። ማህፀን የቱ ነው፣ የሽንት ፊኛ የቱ ነው፣ ለምን አብረው እንደወረዱ። ያኔ ነው የገባት። እስከዚያ ድረስ በእሷ ላይ ብቻ የደረሰ ነገር ይመስላት ነበር። ወሊድ፣ ዕድሜ፣ ከባድ ሸክም፣ የቆየ ሳልና የሆድ ድርቀት እንደሚያመጡት ስትሰማ ትከሻዋ ቀለለ። ሥዕሉን በስልክ እንዴት ታያለች?

ሰንዳፋ መንገድ

እኔ ራሴ ተሠርቼያለሁ፤ ስለዚህ ልናገር። ማህፀን ወርዶ መንገድ መሄድ ምን እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም። ሚኒባስ ውስጥ ተጣቦ መቀመጥ፣ ሲነሡ ቀሚሴ ርሶ ይሆን ብሎ መፍራት፣ ሞዴስ የሚቀየርበት ሽንት ቤት ማጣት። ለምርመራው፣ ለደሙ፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ እንዲያየኝ መሄዴ አልቀረም። ያን በስልክ የሚያደርግ የለም። ምክሩን ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ ሰማሁት።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሰው እየሰማ "ከባልሽ ጋር ግንኙነት ታደርጊያለሽ?" ሲሉኝ አፌ ተሳሰረ። "የለም" አልኩ፣ አለፈ። በስልክ ግን የልቤን ሁሉ ተናገርኩ። ፊቴን አያዩትማ።

የማታ ተረኛ

የማህፀን ክፍል ነርስ ነኝ። በስልክም በአካልም አማክራለሁ።

የኮዬዋ ልጅ፣ መጀመሪያ የወንድምሽን ነገር እንጨርስ። እሱ ደውሎ ካናገረን የተዘጋጀው እሱ ነው፤ እናትሽ አይደለችም። ስደውል ስልኩን ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ወንድ ልጅ ነው። "እሺ፣ እሺ፣ እነግራታለሁ" ይለኛል። ስለ ሽንት ቱቦ፣ ስለ ብልት፣ ስለ ግንኙነት የነገርኩትን ሄዶ ለእናቱ ይነግራታል? አይነግራትም፤ ያፍራል። "ጠዋት እንዳትበይ" ብቻ ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ እናት ከኦፕራሲዮን ስትወጣ ቱቦ ገብቶላት፣ ብልቷ ውስጥ ፋሻ ተጠቅጥቆ ታገኘዋለች። "አበላሹኝ" ብለው ያለቀሱ እናቶች አሉ። ፋሻው እኮ ደም እንዳይፈስ ተብሎ የሚደረግ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይወጣል። ቱቦውም ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይነቀላል። ሽንት አልወጣ ካለ ትንሽ ሊቆይ ይችላል፤ አንዳንዷ ይዛው ወደ ቤት ትሄዳለች። ቀድማ የሰማች ሰው በዚህ አትደነግጥም።

ስደውል የመጀመሪያ ጥያቄዬ "እማማ፣ ብቻዎን ነዎት?" ነው። ካልሆኑ ሌላ ሰዓት እንይዛለን። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ወይም የሚያምኗት ጎረቤት ቤት ገብተው። ስልኩ ስፒከር ላይ አይደረግም።

አስረድቼ ስጨርስ ደግሞ "ገባዎት?" አልልም። እናቶቻችን ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው "አልገባኝም" አይሉም። "እስቲ ጎረቤትዎ ብትጠይቅዎት እንዴት ብለው ይነግሯታል?" እላለሁ። ያኔ የቀረው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዲት እናት ሁሉን በእሺታ ሲሰሙኝ ቆይተው መጨረሻ ላይ "አጥባችሁ ትመልሱልኛላችሁ" ብለውኛል። ከሥር ጀመርን።

እህትሽ ያለችውን ግን በፍጹም አታድርጉት። የስምምነት ወረቀቱን የምትፈርመው እናትሽ ናት። ማህፀኗ እንደሚወገድ ሳታውቅ የምታስቀምጠው ፊርማ ፈቃድ አይባልም።

ሱሉልታ በር

እኔ ግን እህትየዋን እረዳታለሁ። ነርሷ ትክክል ልትሆን ትችላለች፤ ሆኖም በእኛ ቤት ከባድ ነገር ለታመመ ሰው ፊት ለፊት አይነገርም። አባታችንን ሐኪሙ በሽታህ ይህ ነው ብሎ ከነገረው በኋላ እህል አልቀመሰም። እናታችን ላይ ይህ እንዲደገም አልፈልግም። ቤተሰብ ሸክሙን ቢይዝላት ምን ክፋት አለው?

ሰንዳፋ መንገድ

ሱሉልታ በር፣ የአባታችሁ ነገር ያሳዝናል። ይህ ግን መርዶ አይደለም። ሊያድናት የሚችል ሕክምና ነው። የገዛ ሰውነቷ ነው። ኋላ ስታውቀውስ? ታውቀዋለች እኮ። ለክትትል ስትሄድ ወይ ተማሪ ሐኪም ሲጠይቃት ትሰማዋለች። ከዚያ በኋላ ልጆቿን ታምናለች?

የፈራሁትን ልንገርህ። "ማህፀኔ ከሌለ ሆዴ ባዶ ይሆናል፣ አንጀቴ በዚያው ይወርዳል" ብዬ ነበር። አፍሬ ለማንም ሳልናገር ስንት ሌሊት አሰብኩት። በስልክ ጠየቅኳት። የማህፀኑን ቦታ አንጀት ራሱ ይሞላዋል፣ የብልቱ የላይኛው ጫፍ ደግሞ ከውስጥ ጅማት ጋር ተሰፍቶ እንዲያዝ ይደረጋል አለችኝ። እንደገና ሊላላ እንደሚችልም አልደበቀችኝም። በዚህ ነው ያመንኳት። መልካሙን ብቻ ነግራኝ ቢሆን ኖሮ እጠረጥራት ነበር።

የማታ ተረኛ

ሰንዳፋ መንገድ የተናገረችው ትልቅ ነገር ነው። ለሱሉልታ በር ደግሞ ይህን ልበል፤ አነጋገሩ ላይ ቤተሰብ ያግዛል። ማን አብሯት ይቀመጥ፣ በምን ሰዓት ይነገራት፣ በየትኛው ቃል፤ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቋታላችሁ። አንዳንዷ እናት ራሷ "ዝርዝሩን ለልጄ ንገሯት፣ እኔ አልፈልግም" ትላለች። ያን እናከብራለን። ምርጫው ግን ከእሷ አፍ መውጣት አለበት።

ምርጫ ካልኩ አይቀር፣ በምክሩ ጊዜ "ሌላ መንገድ የለም ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። በብልት ውስጥ ገብቶ ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ የሲሊከን ቀለበት አለ፤ ፔሳሪ ይባላል። ኦፕራሲዮን ለማይመቻቸው ወይም ለማይፈልጉ ይጠቅማል። በየጊዜው መታጠብና መታየት ይፈልጋል። መውረዱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ የታችኛውን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አለ፤ ሽንት እንደሚይዝ ሰው አጥብቆ መያዝና መልቀቅ ነው።

አለም ገና

ይቅርታ፣ ይህ ፊስቱላ ከሚባለው ጋር አንድ ነው? አክስቴ ሽንት ያመልጣታል፤ ሰፈር ውስጥ ፊስቱላ ነው ይላሉ።

የማታ ተረኛ

አንድ አይደሉም። ፊስቱላ በተራዘመ ምጥ ምክንያት በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ሲፈጠር ነው፤ ሽንቱ ሌት ተቀን ይፈሳል። እነ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 በፈረንጅ አቆጣጠር አዲስ አበባ መጥተው ኋላ ሆስፒታል የከፈቱለት በሽታ ነው። የማህፀን መውረድ ሌላ ነው፤ ስታስል ወይም ስታነሣ ብቻ የሚያመልጥም ሌላ ነው። ሁሉም ሕክምና አላቸው። አክስትሽ ትታይ፤ ሰፈር ስም አውጥቶላት ቤት እንዳትቀር።

ሰመመን ሰጪው

ማደንዘዣ ነው የምሠራው። ጠዋት ላይ ሲሰረዙ የማያቸው ኦፕራሲዮኖች ብዙዎቹ ቀድሞ አንድ ስልክ ቢደወል የሚድኑ ነበሩ።

ዋናው የሰዓት ጉዳይ ነው። ወረቀት ላይ "ከ12:00 በኋላ ምንም አይበሉ" ተብሎ ይጻፋል። የጻፈው ሰው እኩለ ሌሊት ማለቱ ነው። እናት ግን 12 ሰዓት ሲባል የሚመጣላት ንጋት ነው። 11 ሰዓት ላይ ተነሥታ ቤት ያፈራውን ቀምሳ ትመጣለች፤ ሩቅ መንገድ አለባትና። እኛ ደግሞ ልንሠራት አንችልም፤ በሰመመን ላይ እያለች ሆዷ ያለው ነገር ወደ ሳንባዋ ከገባ ይገድላታል። ስለዚህ በስልክም በአካልም "በእኛ አቆጣጠር ነው?" ብላችሁ አረጋግጡ። በጠቅላላው ምግብና ወተት ለኦፕራሲዮኑ ቢያንስ 6 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፣ ንጹህ ውሃ 2 ሰዓት ሲቀረው። ሆስፒታላችሁ ጠበቅ ያለ ትእዛዝ ከሰጠ የእነሱን ያዙ፤ ተራዋ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ጠበል የምትጠጣ እናት ካለችም ይታሰብበት። በዚያ ጠዋት ትረጭ፣ አትጠጣ።

መድኃኒት ሌላው ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ብዙ ጊዜ ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውሃ ይዋጣል፤ አንዳንዱ ዓይነት ግን በዚያ ቀን ይዘለላል። የስኳር መድኃኒት ሳይበሉ ከተወሰደ ስኳር በጣም ሊወርድ ይችላል። አስፒሪንና ሌላ ደም ማቅጠኛ ቀድሞ መነገር አለበት። በራሳችሁ አታቋርጡ፣ በራሳችሁም አትቀጥሉ። የምትወስደውን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ ምክሩ በስልክ ከሆነ ካርቶኑን ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም ላኩ። የባህል መድኃኒትም ካለ ይነገር። አንቆጣም።

ጌጣጌጥ ቤት ይቅር። የጥፍር ቀለም ካለ ይጥፋ፤ ጣት ላይ የሚደረገው መሣሪያ ኦክስጅን ሲለካ ይቸገራል። ቤት ውስጥ በምላጭ አትላጭ፤ ጭረቱ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

እና ፍርሃቱ። "ተኝቼ እቀራለሁ" የማይሉ እናቶች ጥቂት ናቸው። ይህ ኦፕራሲዮን ብዙ ጊዜ በወገብ በሚሰጥ መርፌ ይሠራል። ከወገብ በታች ብቻ ይደነዝዛል። እሷ ነቅታ ታዋራናለች። እግሯ ለጥቂት ሰዓታት አይታዘዝላትም፣ ከዚያ ይመለሳል። ይህን ካልነገራችኋት "ሽባ ሆንኩ" ብላ ትጮኻለች። ዓይቼዋለሁ።

አያት ጨፌ

የኔ እናት ደሟ አነሰ ተብላ ቀጠሮዋ ተራዘመ። ኪኒን እየወሰደች ነው፤ ግን ከፍ አላለም።

የማታ ተረኛ

ኪኒኑን በምን ትውጠዋለች? የብረት ኪኒን ከቡናና ከሻይ ጋር አይሆንም፤ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። አንድ ሁለት ሰዓት አራርቁት። ብርቱካን ወይም ሎሚ ያለበት ነገር ያግዘዋል። ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጡ። እንደታዘዘው ወስዳ ካልተነሣ ግን ተመልሳ ትታይ፤ ሌላ መንስኤ ሊኖር ይችላል።

አያት ጨፌ

በቡና ነው የምትውጠው! ጠዋት ከቁርስ ቡናዋ ጋር። ማንም አልጠየቃትም። ዛሬውኑ እነግራታለሁ። ተባረኪ።

የኮዬዋ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

እህቴን ይህን ሁሉ አስነበብኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ "እኔ ግን አልነግራትም፣ አንቺ ንገሪያት" አለች። ወንድሜን ቀኑን ሥራ ላይ እንዲሆን አደረግን። ሲስተሯ ደወለች። እናቴ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ውጭ ነበርኩ። ብዙ ቆየች። በመሀል ስትስቅ ሰማኋት።

ስትወጣ "ይህን ነው የደበቃችሁኝ?" አለችኝ። ማህፀኗ መወገዱ ምንም አልመሰላትም። "ሥራውን ጨርሷል፣ እናንተን አውጥቷል" ነው ያለችው። ያስጨነቃት ሌላ ነው። ፈሳሽ ስለሚታያት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብታ ካስቀደሰች ዓመታት ሆኗታል፤ ከደጀ ሰላም ነው የምትመለሰው። እኛ እግሯን አሟት ይመስለን ነበር። ለሲስተሯ መጀመሪያ ያነሣችው ይህንኑ ነው። "መቼ ነው ገብቼ የማስቀድሰው?"

እኔም ጥያቄ አለኝ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለም። እሷ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። እንዴት ላድርጋት?

የማታ ተረኛ

እናትሽ ደስ አሉኝ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መጠነኛ ፈሳሽና ትንሽ ደም ለተወሰኑ ሳምንታት ሊታይ ይችላል፤ ክሩ እየሟሟ ስለሚወጣ ነው። እስከ 6 ሳምንት ቢቆይ አይገርምም። ስለመግባቱ የንስሐ አባታቸውን አሁኑኑ ይጠይቁ፤ ሳምንታቱን አስልተው በተስፋ ይጠብቁታል።

ውሃው ላይ ጨክኚ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ለ6 ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አይነሣም፤ ጀሪካን፣ የሊጥ ባልዲ፣ የልጅ ልጅ እንኳን። ተቀምጠው ያቀፏቸው፣ ከመሬት አያንሧቸው። በርሜሉን ከመሄዳችሁ በፊት ሙሉት፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚሞላ ዛሬ ተነጋገሩ። ከሆስፒታል መጥተው ባዶ በርሜል ካዩ እናትሽ ጀሪካን ያነሣሉ። ይህን አትጠራጠሪ።

ደረጃ መውጣት ይፈቀዳል። ቀስ ብለው፣ እየያዙ፣ በየፎቁ አረፍ እያሉ። በቀን ደጋግመው እንዳይወጡና እንዳይወርዱ ብቻ አመቻቹ። አልጋ ላይ ተጋድመው መዋል ደግሞ አይበጅም፤ እግር ውስጥ ደም ይረጋል። ቤት ውስጥ ይንቀሳቀሱ።

ድርቀትን ፍሩ። ማማጥ ስፌቱን ይጎዳል። ውሃ፣ አትክልት፣ ተልባ። ሳል ካላቸው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይታከም። ምጣድ ላይ ጎንበስ ብሎ መጋገር ይቆይ፤ ጎረቤት ታግዝ ወይ እንጀራ ግዙ።

እነዚህን ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፦ ሞዴስ ቶሎ ቶሎ የሚያስቀይር ደም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ሽንት እንቢ ማለት፣ አንድ እግር ብቻ ማበጥና ማመም፣ ትንፋሽ ማጠር። ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደሙ ከበዛ ታክሲ ሰልፍ ላይ አትቁሙ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጀሞ ሦስት

ባሎች የሚያነቡ ከሆነ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ለ6 ሳምንት ያህል፣ ሐኪም አይቶ እስኪፈቅድ ድረስ፣ ግንኙነት የለም። ይህን ለባለቤቴ ብቻ ነግረዋት ቢሆን እንዴት ብላ ታስረዳኛለች? ነርሷ እሷን ፈቃድ ጠይቃ ለእኔም ለብቻዬ ደወለችልኝ። ሁሉም ነገር ከዚያ በኋላ ቀለለ። አማካሪዎች፣ ሴትየዋ ከፈቀደች ባልየውንም አናግሩት።

ደግሞም ስለ ስልኩ የጻፍኩትን አሁን ሳየው፣ ሥዕሉን መጀመሪያ በአካል አይታ ቀሪውን በስልክ መጠየቅ ይቻላል። ለእኛ ትልቁን ሥራ የሠራው ከወጣን በኋላ የመጣው ስልክ ነው። ሌሊት ላይ "ይህ ደም የተለመደ ነው?" ብሎ የሚጠየቅ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሱሉልታ በር

አነበብኩት ሁሉንም። የኮዬዋ እናት "ይህን ነው የደበቃችሁኝ" ያሉት ቆየብኝ። ከእህቶቼ ጋር ተነጋግረናል፤ እናታችንን ራሷን ልንጠይቃት ነው፣ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ። የጤና መድን አላት፤ ሪፈሩ ከጤና ጣቢያ መጀመር አለበት አይደል?

የማታ ተረኛ

አዎ። በማኅበረሰብ የጤና መድን ከሆነ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ነው የሚኬደው። በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ከኪስ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ደብተሩ መታደሱንም እዩ።

ቡራዩ ከታ

ዘግይቼ ነው ያየሁት። የኔ እናት የምትናገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች ግን ስለዚህ ዓይነት ነገር በአማርኛ ማውራት አትችልም። በስልክ ሲደውሉ የ15 ዓመት ልጄ ነው የሚያስተረጉምላት። ቀጠሮዋ ቀርቧል። ጆሮዋም ትንሽ ይከብዳታል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የማታ ተረኛ

ለእሷ በአካል ይሁን። ጆሮ ለከበደው ሰው ስልክ አይሆንም፤ ከንፈርም እጅም እያየች ትስማ። ልጁን ከዚህ አውጪው። ለእሱም ለአያቱም ከባድ ነው፤ ግማሹን ይዘልለዋል። ካርድ ክፍል ስትደርሱ ሳይሆን ከመሄዳችሁ በፊት ደውለሽ "ኦሮምኛ የምትናገር ሲስተር መቼ ተረኛ ናት?" ብለሽ ጠይቂና በዚያ ቀን ውሰጃት። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ሆስፒታሎች ኦሮምኛ የሚናገር ባለሙያ አይጠፋም፤ አስቀድሞ ካልተጠየቀ ግን ተራ የደረሰው ሰው ነው የሚያገኛችሁ። ብቻዋን በር ዘግተው እንዲያናግሯት ጠይቂ። ስትወጣ የሰማችውን በራሷ ቋንቋ ታውራሽ። የጎደለ ካለ እዚያው ተመልሳችሁ ግቡ።